ጥሎ ማለፉን ጥላችሁት አትለፉ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኢትዮጵያ ዋንጫ (ጥሎ ማለፉ) በየዓመቱ፣ በታወቀ ቀንና በትንሹ ክለብ ሜዳ እንዲካሄድ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በአንዲት ወረዳ ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። የከተማዬን ስም ብጽፍ ጉዳዩ የእሷ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላልና አልጽፍም። መናኸሪያዋ ከገበያዋ የተጣበቀ፣ ሜዳዋ በአንድ ወገን በትምህርት ቤት አጥር በሌላው በባሕር ዛፍ የታጠረ፣ ጨዋታ መሀል አህያ ሲያቋርጥ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ የሚጠብቅባት ከተማ ናት። ካርታው ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ እሷን ባታገኙ እህቷን ታገኛላችሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ልምምድ ጨርሰን ኳሶቹን ወደ ከረጢት እየከተትን ሳለ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «ቲቸር፣ የእኛ ከተማ ቡድን ከጊዮርጊስ ጋር ሊጫወት ይችላል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ከበደኝ። በሊግ ከሆነ ቡድናችን ያለበትን እርከን አሸንፎ፣ ወደ ላይኛው ወጥቶ፣ ከፍተኛ ሊግን ተሻግሮ ፕሪሚየር ሊግ እስኪደርስ ልጁ ራሱ የልጅ አባት ይሆናል። በጥሎ ማለፍ ከሆነ ግን አንድ ዕጣ ይበቃል። ከሳህን የወጣች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጊዮርጊስን በአውቶቡስ ጭና እኛ ሜዳ ልታወርደው ትችላለች። «ይቻላል» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይህ ውድድር አንድ ዓመት መጥቶ ሌላ ዓመት ሲቀር፣ ከዚያም ለዓመታት ደብዛው ሲጠፋ ያየሁ ሰው ነኝ። ልጅን በማይጨበጥ ነገር ማጓጓት ደግሞ ከመምህር አይጠበቅም።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናንተ አስተላለፍኩት።

ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምር። ሊግ እርሻ ነው። ሲታረስ፣ ሲታረም፣ ሲታጨድ ዓመቱ ይሞላል፤ በመጨረሻም ብዙ በሬና ሰፊ ማሳ ያለው ሰው ጎተራው ይሞላለታል። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ አንድ ቀን ዝናብ ቢያበላሽበት ሌላ ቀን ይክሰዋል። ጥሎ ማለፍ ግን የገና ጨዋታ ነው። አባቶቻችን በዚያች በዓል ጌታና ሎሌ ሳይሉ ሩሯን መሀል ጥለው ይገጥሙ ነበር። ለዚያች ከሰዓት ማዕረግ አይሠራም፤ ባለ ርስቱም ቅልጥሙን ቢመታ ቂም አይዝም። በነጋታው ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል፤ ወሬው ግን እስከ ሌላው ገና ድረስ በየቤቱ ይነሳል ይወድቃል። እግር ኳስ ሁለቱንም ይፈልጋል። እርሻ ብቻ ሆኖ በዓል የሌለው አገር ይደብራል፤ በዓል ብቻ ሆኖ እርሻ የሌለውም ይራባል። የእኛ እግር ኳስ እርሻውን ይዞ በዓሉን ረስቷል።

በዓሉ ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገኝም። ወላይታ ሶዶ በቂዬ ናት።

የከተማዋ ክለብ ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. ጥሎ ማለፉን አሸነፈ። የዚያን ዓመት የሊግ ዋንጫ የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ድቻ በሊጉ ከዋንጫው ሰፈር አልነበረም። ነገር ግን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ከብሩና ከብረቱ የሚበልጥ ሽልማት አለው፦ የካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ትኬት። ድቻ ትኬቱን ይዞ ወጣና የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አለፈ፤ ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነበር። አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው የካይሮው ዛማሌክ። ሐዋሳ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ድቻ 2ለ1 አሸነፈ። «ይቺ አንድ ግብ ምን ታደርጋለች? ካይሮ ላይ ይዘርሯቸዋል» ካልነው መካከል አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክ በተራው 2ለ1 አሸነፈ። ድምሩ 3ለ3 ሆነና ነገሩ ወደ መለያ ምት ሄደ። እኔና ጎረቤቶቼ በአንድ ሻይ ቤት ተጨናንቀን ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ሳህን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ድቻ 4ለ3 አሸነፈ። ከመካከላችን ሶዶን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጮኽነው ግን ሁላችንም ነን። ድቻ በቀጣዩ ዙር በታንዛኒያው ያንጋ ተሰናበተ፤ ዳሬሰላም ላይ 2ለ0 ተሸንፎ በመልሱ 1ለ0 ቢያሸንፍም አልበቃውም። ዛማሌክ ደግሞ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ያንኑ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አነሳ። ድቻ የጣለው ቡድን ምን ዓይነት ቡድን እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ ባይኖርና ትኬቱ በሊጉ ደረጃ ቢታደል ኖሮ ድቻ ካይሮን አያያትም ነበር። ያ ምሽት ከታሪካችን ይሰረዝ ነበር፤ መሰረዙንም ማንም አያውቅም ነበር። የማይካሄድ ውድድር ጉዳቱ ይህ ነው። የተሸነፈ ቡድን ያለቅሳል፤ ያልተካሄደ ጨዋታ ግን አልቃሽ የለውም።

የጎንደሩን ፋሲል ከነማንም አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ እስከ መጨረሻው ሲፎካከር ቆይቶ ለመቐለ 70 እንደርታ አስረከበ። ጎንደር ግን ዓመቱን ባዶ እጇን አልጨረሰችም፤ ጥሎ ማለፉ የእርሷ ሆነ። ፋሲል በዚያ ትኬት ወጥቶ የታንዛኒያውን አዛም ባሕር ዳር ላይ 1ለ0 አሸነፈ፤ ዳሬሰላም ላይ 3ለ1 ተሸንፎ ቢወጣም ትምህርቱን ይዞ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫ ዋንጫን ይጠራል፤ ማሸነፍ የሚለመድ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ዓለም በሙሉ ቤቱን ዘግቶ ነበር። ነገር ግን በ2013 ሊጉ ሲመለስ ጥሎ ማለፉ አብሮት አልተመለሰም። በ2014ም አልመጣ። በ2015ም አልመጣ። በእነዚያ ዓመታት የኮንፌዴሬሽን ዋንጫው ትኬት በሊጉ ሁለተኛ ለወጡት ተሰጠ፦ በተራ ለኢትዮጵያ ቡና፣ ለፋሲል ከነማና ለባሕር ዳር ከነማ። ክለቦቹ ትኬቱን በላባቸው ነው ያገኙት፤ በእነርሱ ላይ አንድ ቃል የለኝም። ባሕር ዳርማ አዛምን በመለያ ምት ጥሎ አኩርቶናል። ቅሬታዬ በበሩ ላይ ነው። ድቻ የገባበት በር ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከረመ፤ ሲዘጋም «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት እንኳ ሲለጠፍበት አላየሁም። ጥሎ ማለፍ ይባል የነበረውን ውድድር ፌዴሬሽኑ ራሱ ጥሎት አለፈ።

በ2016 ዓ.ም. ውድድሩ ሲመለስ ደስ ብሎኛል፤ ምስጋናዬንም በዚሁ ደብዳቤ አቀርባለሁ። ኢትዮጵያ ቡና ዋንጫውን ወስዶ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከኬንያ ፖሊስ ጋር ተጋጠመ። ዕድል አልቀናውም፤ ግን ዋንጫ አሸንፎ የሄደ ክለብ ነበር። ይሁን እንጂ መመለስና መኖር አንድ አይደሉም። ከስደት የተመለሰ ሰው እንኳ ቤት፣ ቀለብና ጎረቤት ካላገኘ ተመልሶ ይሄዳል። ጥሎ ማለፉ ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው፤ ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ ይካሄዳሉ። ክለቦቹ አንድ ከተማ ይከርሙና ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ይህ አሠራር በኮሮና ዘመን ጨዋታውን አትርፏል፤ በቴሌቪዥን ለማሰራጨትም ተመችቷል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። «በሜዳው» የሚለው ቃል ትርጉሙን አጣ። ሁለቱም ቡድኖች እንግዳ በሆኑበት ሜዳ አንዱ «ባለሜዳ» ተብሎ ይጻፋል። ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው በስክሪን ነው፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ስታዲየም የሚሄድበት እሑድ ጠፍቷል። የስታዲየሙን መቀመጫዎች ካታንጋና ሚስማር ተራ እያለ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ስለ ስታዲየሙ የሚያወራው እንደ ሟች ዘመድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ያለውን ገምቱት።

በእኔ ከተማ የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ግማሽ ፍጻሜ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር የማያውቅ ልጅ የለም። ዲሽ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። መግቢያው ይከፈላል፤ የሌለው በአጥር ቀዳዳ ያያል። ዊጋን አትሌቲክ እ.ኤ.አ. በ2013 ማንቸስተር ሲቲን በፍጻሜው 1ለ0 አሸንፎ ዋንጫውን እንዳነሳ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከፕሪሚየር ሊጉ እንደወረደ ሲተርኩ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አልተወለዱም ነበር። ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ2025 ያንኑ ሲቲን በተመሳሳይ ውጤት ሲያሸንፍም ዲሽ ቤቱ ጣሪያው ሊነቀል ደርሶ ነበር። ልጆቻችን የትንሹን በትልቁ ላይ መነሳት ይወዳሉ፤ ሊወዱትም የሚገባ ነገር ነው። ጉዳቱ ይህን ደስታ በሰው አገር ስም ብቻ ማወቃቸው ነው። የወላይታ ድቻን የካይሮ ምሽት የሚተርክላቸው ሰው አላገኙም።

በሌሎች አገሮች ይህ ነገር በአጋጣሚ የሚከሰት እንዳይመስላችሁ። ደንብ ተጽፎለት፣ በጀት ተይዞለት የሚሠራ ነው። ጀርመን በመጀመሪያው ዙር አማተር ክለብ ከላይኛው ሊግ ክለብ ጋር ሲደለደል ጨዋታው በአማተሩ ሜዳ ይሆናል። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የቀደሙትን ዙሮች በአንድ ጨዋታ፣ በታችኛው ክለብ ሜዳ እንዲሆን ደንቧን ለወጠች፤ ደርሶ መልሱን ለግማሽ ፍጻሜ አቆየችው። ፈረንሳይ ደግሞ የጀመረችው በጦርነት መሀል፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ በጦር ሜዳ ለወደቀው ለሻርል ሲሞን መታሰቢያ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በየክልሉ ይደረጋሉ፤ ከባሕር ማዶ ግዛቶቿ የሚመጡ ክለቦች ሳይቀሩ ይሳተፋሉ።

ከፈረንሳዩ ታሪክ አንዱን ላንሳ፤ ለእኛ የሚሆን ነገር አለውና። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሌ የተባለች የወደብ ከተማ ክለብ ከአራተኛው እርከን ተነስቶ ፍጻሜ ደረሰ። ተጫዋቾቹ ሌላ ሥራ ያላቸው አማተሮች ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ቦርዶን፣ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የነበረውን፣ በጭማሪ ሰዓት 3ለ1 ጣሉት። በፍጻሜው ናንትን መርተው ነበር፤ በመጨረሻው ደቂቃ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት 2ለ1 ተሸነፉ። ዋንጫው ሲሰጥ የናንት አምበል ሚካኤል ላንድሮ የካሌን አምበል ጠርቶ ዋንጫውን አብረው አነሱት። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል። አሸናፊ ተሸናፊን እጁን ይዞ ወደ መድረክ ያወጣበትን ቀን የሚያይ ልጅ ስለ ስፖርት ከእኔ መቶ ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ ይማራል።

«የእኛ ሌላ ነው፤ እግር ኳሳችን ለጥሎ ማለፍ አልተፈጠረም» የሚል ቢኖር ደግሞ የራሳችንን መዝገብ ይግለጥ። ጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ስናነሳ ምድብ የሚባል ነገር አልነበረም። አራት ቡድኖች፣ ሁለት ዙር፤ የተሸነፈ ይወጣል። ቱኒዚያን 4ለ2፣ በፍጻሜው ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከ31 ዓመት መለየት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ጥቅምት 2005ስ? ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5ለ3 አሸንፋን ነበር። አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አስቆጥረው 2ለ0 አሸነፍን፤ ከሜዳ ውጪ ባስቆጠርናቸው ግቦች አለፍን። ያም ጥሎ ማለፍ ነበር። ይህች አገር በእግር ኳስ ተቃቅፋ ያለቀሰችባቸው ቀኖች ሁለቱም «ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም» የተባለባቸው ቀኖች ናቸው። ተጫዋቾቻችን እንዲህ ያለውን ቀን በዓመት አንዴ እንኳ ካልተለማመዱት፣ በካፍ ማጣሪያ ሲገጥማቸው ጉልበታቸው ቢንቀጠቀጥ ለምን እንገረማለን?

አሁን ወደ እናንተ ችግር ልምጣ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው፣ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው የማያየው ችግር አለ። ከማውቃቸው የስፖርት ቢሮ ሰዎች ጋር ስከራከር የሚመልሱልኝ አራት ነገር ነው፦ ገንዘብ፣ ሜዳ፣ ጸጥታ፣ ጊዜ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ወጪው ትልቁ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በየአካባቢው ቢደለደሉ ክለብ ከክለብ ጋር በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል፤ አልጋ የለ፣ አበል የለ። ትልልቆቹ የሚገቡት ሜዳው ከጠበበ በኋላ ነው። አንድ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ወደ ወረዳ ከተማ ሲመጣ ደግሞ የመግቢያው ገቢ ራሱ ይናገራል። ሆቴሉ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ባጃጁ ሁሉ የዚያን ቀን ይጠቀማል። ገቢውን ሁለቱ ክለቦች እኩል ይካፈሉ። ለአንድ የአንደኛ ሊግ ክለብ ያቺ ገንዘብ የዓመቱ ማሊያና ጫማ ናት።

ሜዳውን በተመለከተ፣ ሕመማችሁ ይገባኛል። ብሔራዊ ቡድናችን በ2014 ዓ.ም. የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ የጀመረው ስታዲየሞቻችን የካፍን መለኪያ ስላላሟሉ ነበር። ነገር ግን ለአገር ውስጥ ዋንጫ የካፍን መለኪያ ማን ጠየቀ? የተደለደለ ሜዳ፣ የጸና አጥር፣ መልበሻ ክፍል፣ ውኃ፣ አምቡላንስ። ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ ሜዳ የሚሠራው ጨዋታ ሲኖር ነው። «ቡና ይመጣል» ይባልና ከተማው በደቦ ወጥቶ ድንጋዩን ሲለቅም፣ መስመሩን በኖራ ሲያሰምር ታያላችሁ። ለአሥር ዓመት በደብዳቤ ያልተጠገነ አጥር በአንድ ዕጣ ይጠገናል።

ጸጥታውን አቃልዬ አላየውም። መንገድ ባልተከፈተበት አካባቢ ቡድን ይጓዝ አልልም፤ የሰው ነፍስ ከዋንጫ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥም ጨዋታው በአቅራቢያው ወዳለ ደኅና ከተማ ይዛወር። ነገር ግን የአንዱ ቦታ ችግር ለሁሉም ቦታ ሰበብ አይሁን። የደጋፊ ጠብን በተመለከተ ደግሞ ከልምድ የምለው አለኝ። ጠብ የሚነሳው በየዓመቱ በሚገናኙ ባላንጣዎች መካከል ነው። ታላቅ ክለብን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ከተማ ድንጋይ አይወረውርም፤ ፎቶ ይነሳል፤ እንግዳውን ይጋብዛል።

የቀረው ጊዜ ነው። ጊዜ ጠበበ የሚባለው በመጨረሻ ሰዓት ሲታሰብ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የምንለው ለዚህ ነው። ውድድሩ መስከረም ላይ በዓመቱ መርሐ ግብር ውስጥ ቀኑ ከተያዘለት ሊጉ ራሱ ቦታ ይለቅለታል። የታችኞቹ እርከኖች ዙሮች በኅዳርና በታኅሣሥ ይለቁ። ትልልቆቹ የሚገቡበት ዙር በገናና በጥምቀት መካከል ይሁን፤ ያን ጊዜ ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል፣ ሜዳውም ደርቆ ይቆያል። ፍጻሜው ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጠናቀቅ። የካፍ ማጣሪያ ነሐሴና መስከረም አካባቢ ስለሚጀመር አሸናፊው ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ያገኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላጠቃልል።

አንደኛ፣ ውድድሩ በየዓመቱ ይካሄድ፤ የእያንዳንዱ ዙር ቀን ከመስከረም ጀምሮ ይታወቅ። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የማይካሄድ ከሆነም ምክንያቱ በግልጽ ይነገር።

ሁለተኛ፣ በሩ ለሁሉም ይከፈት። ከክልል ሻምፒዮናዎች፣ ከአንደኛ ሊግና ከከፍተኛ ሊግ የሚመጡ ክለቦች በየአካባቢያቸው ተጣርተው ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ጋር የሚገናኙበት ዙር ይኑር።

ሦስተኛ፣ እስከ ሩብ ፍጻሜ ድረስ ጨዋታው በታችኛው እርከን ባለው ክለብ ሜዳ ይሁን። አንድ ጨዋታ ብቻ፤ አቻ ከወጡ ወደ መለያ ምት። ከጠየቅኳችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ ስጡኝ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሌላው ሁሉ ያለዚህ ገላጣ ነው።

አራተኛ፣ ዕጣው በሕዝብ ፊት ይውጣ። በሬዲዮ ይተላለፍ። በእንግሊዝ ሰዎች በየመጠጥ ቤቱ ተሰብስበው ዕጣ ሲወጣ የሚያዳምጡት ዕጣው ራሱ ጨዋታ ስለሆነ ነው። የእኛም ሰው ከሎተሪ ዕጣ የበለጠ የሚጓጓለት ነገር ያገኛል።

አምስተኛ፣ የተጫዋች ተገቢነት ጉዳይ ዳኛው ፊሽካ ከመንፋቱ በፊት ይለቅ። ዝርዝሩ ቀድሞ ይቅረብ፣ ቀድሞ ይመርመር፣ ቀድሞ ይጽደቅ። ዋንጫ ሜዳ ላይ ተወስዶ ቢሮ ውስጥ የሚነጠቅ ከሆነ የሚጎዳው ተቀጪው ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውም ክለብ የማይጣፍጥ ዋንጫ ይታቀፋል። ደጋፊውም በሚቀጥለው ዓመት «ቆይ ውሳኔው ይውጣ» ብሎ እልልታውን ያዘገያል።

ስድስተኛ፣ መዝገብ ይኑረው። ዋንጫውን በየዓመቱ ማን እንዳሸነፈ፣ ፍጻሜው ስንት ለስንት እንዳለቀ፣ ማን እንዳስቆጠረ በአንድ መጽሐፍ ተጠርዞ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ። ታሪኩ ያልተጻፈለት ዋንጫ ቢጠፋም የሚፈልገው የለም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ «ጥሎ ማለፉ የት ገባ?» ብሎ የጮኸ ሰው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ ስታዲየም፣ አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ አሠልጣኝ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ቀን መቁረጥንና በቆረጡት ቀን መጽናትን ነው።

ለተማሪዬ ገና አልመለስኩለትም። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል፤ ግራ እግሩ ጎብዟል፣ ጥያቄውን ግን አልደገመም። ልጆች አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይጠይቁም፤ መልስ ሲያጡ ወደ ዲሽ ቤቱ ይሄዳሉ። እርሱ የሚኒስትሪ ፈተናውን ተፈትኖ ከእጄ ሳይወጣ «አዎ፣ ይቻላል፤ ዕጣው በዚህ ቀን ይወጣል» ብዬ ቀኑን ጭምር እንድነግረው አድርጉኝ። የምለምናችሁ ይህንኑ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የስፖርት መምህር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር እግር ኳስ ፌዴሬሽኖች
ለክለቦችና ለደጋፊ ማኅበራት በሙሉ